ብርድ ልብስ ለማሂ

ብርድ ልብስ ላኩልን! እውነቴን ነው፣ ብርድ ልብስ! ለአዲሱ መተሐራ! ግድግዳው ራሱ በሚያልበው ቀን፣ ዶሮዎቹ አፋቸውን ከፍተው ከጥላ ወደ ጥላ በሚጎተቱበት ቀን! ድሮኑ እዝዝዝ እያለ መጣ፣ ግቢያችን ላይ ትንሽ ተሽከረከረ፣ ከዚያ ዷ! አድርጎ ጣለው። ወፍራም፣ ግራጫ፣ ገና ሲያዩት የሚያሳክክ። ላዩ ላይ «ክብርት ማኅደር፣ በቶሎ ይሻልዎት» የሚል ተለጥፎበታል። እኔ በሳቅ ሞትኩ። ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ጎረቤታችን እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው «ምንድነው የጣለው?» አሉኝ።

«ብርድ ልብስ!»

«ለማን?»

«ለማሂ!»

«ምነው፣ ባሏ በረዶ አገር ሊወስዳት ነው እንዴ?» አሉና እሳቸውም ተንከተከቱ።

ማሂ ግን አልሳቀችም። ማሂ ታላቅ እህቴ ናት፣ በሳቅ ከእኔ የባሰች፣ ለቅሶ ቤት እንኳን ሳይቀር አስቃኝ የምታስወጣኝ። በሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሁለት እጇን እታች ሆዷ ላይ ጭና ዝም ብላ ታየዋለች። ጥርሷ ይንገጫገጫል።

«ቲኒ» አለችኝ። ስሜ ትንቢት ነው፣ እሷ ግን ቲኒ ነው የምትለኝ። «አምጪልኝ በናትሽ። በርዶኛል።»

ሳቄን ትቼ ብርድ ልብሱን ደረብኩላት።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ አይገባችሁም። ማሂ እርጉዝ ናት። አምስት ወሯ ነው። እማዬ ከሞተች ወዲህ እኔና ማሂ ነን አብረን የምንኖረው። ባሏ ቶለሳ አፋር በረሃ የፀሐይ መብራት ሰሌዳዎቹን ያጥባል፣ የሚመጣው ሲለቁት ብቻ ነው። ማሂ ከዚህ በፊት አንድ ወርዶባታል። ያኔም እንዲሁ ነበር የጀመራት፤ ማንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ከዚያ በቃ። ይኼኛውን ለማንም አልተናገረችም፣ ለጠያቂዋም ጭምር። ሰፊ ቀሚስ ለብሳ ነው የምትዞረው። ለምን ብትሉኝ፣ ያኔ ተመዝግባ ነበራ! ልጁ ከወረደ በኋላ እንኳን ጠያቂዋ ባገኘቻት ቁጥር ሰው ሁሉ እየሰማ «የልጅዎ የክትባት ቀን ደርሷል» ትላት ነበር። ማሂ ከዚያ ወዲህ «ወልጄ አቅፌው እሄዳለሁ እንጂ ቃል አይወጣኝም» ብላ ማለች።

ጠያቂዋ ማለት ሰፈራችን መሀል፣ ድሮ አውቶቡስ ይጠበቅበት በነበረው ጥላ ስር የቆመችው ማሽን ናት። የታመመ ሰው ትጠይቃለች፣ ለዚያ ነው ስሟ። ትልልቆቹ በዚህ ስም ሲስቁ አይወጣላቸውም። ድሮ ጠያቂ ማለት ብርቱካን ይዞ መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ነበር ይላሉ። የእኛዋ ብርቱካን የላትም። ድምፅ አላት። ወይኔ ድምፅ! ጆሮው የከበደ ሰው እንዲሰማ ተብሎ ሐይቁ ማዶ ድረስ ነው የሚሰማው።

እና የዚያን ቀን ማሂ ተሰልፋ ተራዋ ደረሰ። እኔ አጠገቧ ነኝ።

«ክብርት ማኅደር፣ ምን ሆነዋል?»

ማሂ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አየች። የሸንኮራ ማሳው ወንዶች በሙሉ እዚያ ናቸው። ድሮ ያስተማራት መምህር አሉ። የቶለሳ አጎት ሳይቀሩ ጥርሳቸውን ይዘው ቆመዋል። ማሂ አንገቷን ደፋች፣ እጇን ከእምብርቷ በታች አደረገችና ቀስ ብላ «ብርድ መትቶኛል» አለች።

ሰልፉ ላይ ያለች ሴት ሁሉ ገባት። በቃ ወዲያው! አንዷ «እኔንም ባለፈው ገድሎኝ ነበር፣ አይዞሽ» አለቻት። ብርድ ማለት እኮ ብርድ አይደለም! ሽንት ሲያቃጥል ብርድ ነው፣ ወገብ ሲቆርጥ ብርድ ነው፣ ማህፀን ሲያም ብርድ ነው። ሴት ሰው ፊት የማትጠራው ነገር ሁሉ ብርድ ነው። ይኼን የማያውቅ ማን አለ? ጠያቂዋ አለች።

«በርዶኛል ማለትዎ ነው?»

«አዎ… ብርድ።»

«ተመዝግቧል። ብርድ። ወፍራም ልብስ ይልበሱ፣ ሙቀት ባለበት ይቀመጡ። በቂ ልብስ ከሌለዎት እንልካለን። ቀጣይ።»

ብርድ ልብሱ የመጣው እንደዚያ ነው።

እና ምን ችግር አለው፣ ተመልሳችሁ አስረዷት ትሉ ይሆናል። አይቻልም! ቃል አንዴ ነው። እኛ ጋ ሕፃን እንኳን ያውቃታል ይቺን፣ ቃል አንዴ ነው። ድሮ ኪኒን በየሱቁ ይሸጥ ነበር አሉ። ጉንፋን የያዘው ይውጣል፣ ሲሻለው የተረፈውን ለጎረቤት ይሰጣል፣ ጎረቤት ለዶሮዋ ትሰጣለች። በሽታው ለመደው። አንዱን ለመደ፣ ሌላውን ለመደ፣ አሁን የምትሠራ አንዲት ዓይነት ኪኒን ናት የቀረችው። ሰው «የመጨረሻዋ» ይላታል። ጠያቂዋ ሆድ ባለ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፋ ነው የምትቀመጠው። መጀመሪያ ላይ ሰው የትኛው ቃል መሳቢያውን እንደሚያስከፍት አጥንቶ እየመጣ ሲዋሽ፣ መጀመሪያ የተናገርከው ቃል ይታሸጋል ተባለ። ወሩ እስኪያልቅ አይቀየርም። የቀየረ ሰው ቃል ቀያሪ ይባላል፣ የቃል ቀያሪ መሳቢያ ደግሞ አይከፈትም።

ግን ሄድን። ምን እናድርግ? ማሂ ብርድ ልብሱን ተከናንባ፣ በዚያ ሙቀት፣ እኔ ደግፌያት። ሰው ሁሉ ዞሮ ያየናል። ጠያቂዋ ገና ፊቷን ስታይ ምን ብትላት ጥሩ ነው?

«ክብርት ማኅደር፣ ብርድ ልብሱ ደረሰዎት?»

ማሂ ከዚያ በኋላ ማፈሩን ተወችው። «ሽንቴን ያቃጥለኛል» አለች። «ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። ጎኔን ይወጋኛል፣ እዚህ ጋ። ትኩሳት አለኝ። እርጉዝ ነኝ።» የቶለሳ አጎት ሰልፉን ጥለው ሄዱ።

«ይህ ከመጀመሪያ ቃልዎ ጋር አይመሳሰልም።»

«አንድ ነው!» ብዬ ጮህኩ እኔ። «ብርድ ማለት እሱ ነው! ጠይቂያቸው እነዚህን ሴቶች!»

«ብርድ ማለት የሙቀት ማነስ ነው።»

«እሺ ትኩሳቷን ለኪያ!»

«የውጭው አየር ከሰውነት በላይ ስለሚሞቅ ልኬቱ አይታመንም። የእርግዝና ቃል አልተሰጠም። ቃል ለመቀየር መሞከርዎ ተመዝግቧል። በቶሎ ይሻልዎት። ቀጣይ።»

መስታወቷን የሚያጸዱት ጋሽ ደምሰው እዚያው ነበሩ፣ ጨርቃቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። «ጋሽ ደምሰው በእግዜር፣ ይክፈቱልን!»

«እኔ መስታወቱን ነው የማብሰው ልጄ» አሉኝ። «ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን እኔም እንዳንቺ አያለሁ እንጂ አልነካም።» ፊታቸውን አዞሩና የተወለወለውን መስታወት እንደገና ይወለውሉ ጀመር።

አዳማ ሆስፒታል አለ አይደል? አለ። የድሮውን መንገድ ግን ሐይቁ ሞልቶ ውጦታል፣ ያለው ባቡሩ ነው፣ ባቡሩ በር ላይ ደግሞ የጠያቂዋን ፈቃድ ይጠይቁሃል። የማሂን ፊት መዝገቡ ላይ አይተው «ብርድ የያዛት ሴትዮ ሆስፒታል ምን ልትሠራ?» አሉን።

ለቶለሳ ደወልን። ንፋሱ ጆሮ ይበጥሳል እዚያ። «ምን አለች ጠያቂዋ?» ሲል ማሂ ስልኩን ጠጋ አድርጋ «ብርድ ነው አለች» አለችው። እሱ እኮ ገባው! ኦሮሞው ቶለሳ፣ አማርኛውን እንኳን በእሷ የተማረው፣ ገባው። «ልጁስ?» አለ።

«አለ» አለች ማሂ።

«እመጣለሁ።»

«እንዳትዋሸኝ፣ አይለቁህም።»

«አይለቁኝም» አለና ስልኩን አልዘጋውም፤ ንፋሱን ብቻ ስንሰማ ቆየን።

ሐሳቡ የመጣልኝ ሽንት ቤት በር ላይ ቆሜ ማሂ ስታቃስት እየሰማሁ ነው። ወዲያው ብልጭ አለልኝ፣ ጮህኩኝ ራሱ! እኔ ቃል ሰጥቼ አላውቅም። በሕይወቴ ታምሜ ጠያቂዋ ፊት ቆሜ አላውቅም። የእኔ ቃል ገና አዲስ ነው!

«ማሂዬ! ሽንትሽን ስጪኝ!»

«ምን?»

«የቅባት ጠርሙስ ውስጥ! እኔ እርጉዝ ነኝ እላለሁ፣ ያቃጥለኛል እላለሁ፣ ናሙና ስትለኝ ያንቺን እሰጣታለሁ። የመጨረሻዋን ትሰጠኛለች፣ ላንቺ አመጣዋለሁ!»

ማሂ ግድግዳውን ይዛ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። «አብደሻል? ሰልፉ ሁሉ እየሰማ? ስምሽስ?»

«ስሜ ምን ይሆናል?»

«ቲኒ፣ ገና ልጅ ነሽ። እዚህ ሰፈር ነው የምትኖሪው። ማን ያገባሻል?»

«ጠያቂዋ!» አልኳት። «እሷ ናት ስለ እኔ የምትጨነቅ!» ማሂ ሳቀች። ሳቋ መሀል ላይ ወደ ማቃሰት ተቀየረና ተንበረከከች። ከዚያ በኋላ አልተከራከረችኝም።

አንድ ነገር ግን አለ። የመጨረሻዋን እዚያው ፊቷ ነው የምትውጡት። አፋችሁን ታሳያላችሁ፣ ምላሳችሁን ታነሳላችሁ። ስለዚህ በሽምብራ ተለማመድኩ። ላይኛው ድዴና ጉንጬ መሀል፣ ከመጨረሻው ጥርሴ ኋላ እወትፋትና «ሰላም! ትንቢት እባላለሁ! ውጫለሁ!» እያልኩ በመስታወት አያለሁ። መጀመሪያ ላይ ሽምብራዋ ፊት ለፊት ዱብ! ትላለች። ማሂ አልጋ ላይ ሆና ብርድ ልብሱ ውስጥ እየተንቀጠቀጠች «እንደ ጦጣ ነው የምታወሪው፣ ጉንጭሽን ልቀቂው» ትለኛለች። ደጋግሜ ደጋግሜ፣ በመጨረሻ ሽምብራዋ እያለች ዘፈን ዘፈንኩ።

ከዚያ ሄድኩ። ጠርሙሱ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው፣ ይሞቃል። ሰልፉ ረጅም ነው። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ናቸው! ከሰው ሁሉ እሳቸው!

«ምን ሆነሽ ነው አንቺ ደግሞ? ሰው ሁሉ ሲታመም አንቺ ትዘያለሽ ብዬ።»

«አመመኝ።»

«ምንሽን?»

ተራዬ ደረሰ።

«ክብርት ትንቢት፣ እንኳን በደህና መጡ። ምን ሆነዋል?»

በቀስታ ብል አልሰማሁም ትለኛለች፣ ድገሚ ትለኛለች፣ ስደግም ቃሌ ይሰነካከላል፣ ከዚያ ያልቃል ሁሉም ነገር። ስለዚህ ጮህኩ። እንደ ወያላ ነው የጮህኩት!

«ነፍሰ ጡር ነኝ! ሽንቴን ያቃጥለኛል! ጎኔን ይወጋኛል! ትኩሳት አለኝ!»

ሰልፉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ።

«ዕድሜዎ አሥራ ስድስት ነው። ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው!»

«የፅንሱ አባት ማን ነው?»

ወይኔ አላሰብኩበትም! ሁሉን ነገር አስቤ ይኼን አላሰብኩም! የማንን ስም ልጥራ? የጠራሁት ልጅ ሁሉ ነገ ጉድ ይፈላበታል። «አላውቅም» አልኩ።

ከኋላዬ አንድ ሰው «ኧረ በስመአብ!» ሲል ሰማሁ። አንዱ ወጠጤ አፏጨ። መምህሩ ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ሐይቁ ዞረው ቆሙ።

ናሙና አለች፣ መጋረጃው ኋላ ገባሁ፣ ጠርሙሱን ገለበጥኩ፣ ወጣሁ። ጠያቂዋ በዚያ ድምጿ፣ ሐይቁ ማዶ በሚሰማው፣

«እንኳን ደስ አለዎት። ነፍሰ ጡር ነዎት። ናሙናዎ ከባድ የኩላሊት ኢንፌክሽን ያሳያል። ሳይታከም ከቆየ ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል። መሳቢያው ይከፈታል።»

ደስ አለኝ! ሰው ሁሉ እንደዚያ እያየኝ፣ እመኑኝ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዘልዬ ጠያቂዋን ላቅፋት ነበር። መሳቢያው ክሊክ አለና የመጨረሻዋ ወጣች። ትንሽ፣ ቢጫ፣ የምር ከሽምብራ ታንሳለች። አፌ ውስጥ አደረግኳት፣ በምላሴ ገፋኋት፣ ወተፍኳት።

«አፍዎን ይክፈቱ። ምላስዎን ያንሱ። ውጠዋል?»

«ውጫለሁ!»

«በየቀኑ ይመለሱ። እስከ መጨረሻው ካልጨረሱ ይህ መድኃኒትም ይለመዳል።»

ስዞር እትዬ አስካለ ፊት ለፊቴ ናቸው። «ያን ሁሉ ሳቅ ስትስቂ ለካ ይኼንን ነው!» አሉኝ። «እናትሽ እንኳን ሞተች! እንኳንም አላየችሽ! እህትሽ በሕመም ስትማቅቅ አንቺ…» መልስ አፌ ድረስ መጣ፣ አፌ ግን ሥራ ላይ ነው። እንኳን መናገር ምራቄን መዋጥ አልችልም! በአጠገባቸው ሽው ብዬ ሮጥኩ።

ኪኒኗ እንዴት ትመራለች መሰላችሁ! ቆዳዋ በሙቀቱ ቶሎ ቀለጠ። ምራቄ ይሞላል፣ አልውጠው ነገር፣ አልተፋው ነገር፣ የመጨረሻዋ ራሷ አብራ ትሄዳለች። ጭንቅላቴን ወደ ላይ ቀና አድርጌ፣ አፌን ገጥሜ፣ በአፍንጫዬ እየተነፈስኩ በሸንኮራው ዳር ሮጥኩ። ልጆች «አበደች!» እያሉ ተከተሉኝ። ቤት ደርሼ ማሂ መዳፍ ላይ ተፋሁላት፣ ኪኒኑንም ምራቁንም። ማሂ አንዴ እንኳን አልተጸየፈችም። ላፍ አድርጋ ዋጠችና መዳፏን ላሰች።

«እንደ ወፍ ጫጩት» አለችኝ።

ሰሞኑን ሁሉ እንደዚያ ሆነ። ጠዋት ሰልፍ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ክሊክ፣ ሩጫ፣ መዳፍ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ባልዲያቸውን ከባልዲዬ ያርቃሉ። የክፍሌ ልጆች ሲያዩኝ ሆዳቸውን ወደፊት ነፍተው ይሄዳሉ። እትዬ አስካለ በአጥሩ ላይ ሆነው ለማንም ሳይሆን ለአየሩ «አባቱ የማይታወቅ!» ይላሉ። እኔ እስቃለሁ። እውነቴን ነው የምስቀው፣ ምክንያቱም ማሂ ሾርባ ጠጣች! ብርድ ልብሱን ገፈፈች! «ቲኒ፣ እስኪ ፀጉሬን ሥሪኝ» አለችኝ! እየሠራኋት ስለ ልጁ እናወራለን፣ የማንን አፍንጫ ይወስድ ይሆን፣ ያንተን እንዳይወስድ ብለን ቶለሳ ላይ በስልክ ሙድ እንይዝበታለን። ቶለሳ የሰሌዳውን ውሃ እየረጨ ይስቃል።

አንድ ቀን ግን ፀጉሯን ይዤ እያለሁ ማሂ እጇን ሆዷ ላይ ጫነች።

«ምነው?»

«ዛሬ ዝም አለ።»

«ማን?»

ሆዷን ቀስ ብላ መታ መታ አደረገችው። እኔ «ተኝቶ ነው፣ በዚህ ሙቀት ማን የማይተኛ አለ!» አልኳት። ውስጤ ግን ያ የቀለጠው ቢጫ ነገር ትዝ አለኝ፤ አፌ ውስጥ የቀረው፣ መንገድ ላይ የቀረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበለጠ ሮጥኩ። ጫማዬን አውልቄ ሮጥኩ።

ቀን ነው የሆነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም። ማሂ አልጋው ላይ ተጠማዘዘች፣ «ወገቤ! ቲኒ ወገቤ!» አለች። ቀሚሷን ሳይ ደም። ትንሽ አይደለም። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ጠያቂዋ ጋ ልሂድ? ምን ልበላት? የማን ደም ነው ልበላት? በሩ ራቀኝ፣ አጥሩን ዘለልኩት።

«እትዬ አስካለ! ድረሱልኝ! ደም!»

ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። ቢላዋውን ጣሉት። ቀና ብለው ደም የነካውን ቀሚሴን አዩ፣ ከዚያ ፊቴን አዩ። «መጣብሽ? ነይ፣ ተኚ! ልጄ፣ አትቁሚ!» አሉኝ። ልጄ አሉኝ! ያ ሁሉ ስድብ የት እንደገባ እንጃ።

«እኔ አይደለሁም!» አልኳቸው። «እኔ አይደለሁም እትዬ፣ ማሂ ናት፣ ሁሉም ነገር ማሂ ናት!»

ገብተው አዩዋት። ብርድ ልብሱ ላይ ተጣጥፋ፣ ጥርሷን ነክሳ። እትዬ አስካለ አንዴ ማሂን አንዴ እኔን አዩ፣ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ሲገባቸው አየሁት፣ ፊታቸው ላይ ሲሄድ አየሁት። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና «ውሃ ጣጂ። ንጹሕ ጨርቅ፣ ያለሽን ሁሉ» አሉኝ። ማሂ አጠገብ ተንበረከኩ። «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ያዥኝ፣ ትከሻዬን ያዥ፣ ንከሺኝ ካስፈለገሽ።»

ወንድ ነበር። ጣቶች ነበሩት። ሁሉም ነገር ነበረው፣ መተንፈስ ብቻ ነው ያልነበረው። ማሂ «አሳዩኝ» አለች። እትዬ አስካለ አሳዩዋት። ብዙ አየችው። «የቶለሳ አፍንጫ» አለች።

እትዬ አስካለ በነጠላቸው ጠቅልለው ይዘውት ወጡ። የት እንደሆነ አልጠየቅኩም። ሲመለሱ ጉልበታቸው አፈር ነበር።

አለቀ አይደል? አላለቀም። ማሂ አሁንም እሳት ናት። ሲመሽ አሁንም ትንቀጠቀጣለች። እትዬ አስካለ ግንባሯን ነኩና ወደ ደጅ ጎትተው አወጡኝ። «መድኃኒቱ አልቋል?»

«ገና ነው።»

«ይኼ ትኩሳት ካልለቀቃት ልጇን ትከተለዋለች። ታመጪላታለሽ።»

«ልጁ እኮ የለም እትዬ! ጠያቂዋ ወርዷል ካልኳት መሳቢያውን ዘግታ እኔን ነው በባቡር አዳማ የምትልከኝ፣ እዚያ ሲያዩኝ…»

«ታዲያ ማን ወርዷል በይ አለሽ?» አሉኝ። ከዚያ ነጠላ እንዳልለበሱ አሁን ገና እንዳስታወሱ ሁሉ ትከሻቸውን በእጃቸው አቀፉ።

በማግስቱ ሄድኩ። ሰልፉ እንደ ሁልጊዜው ነው። ማንም ምንም አላለኝም። እትዬ አስካለ ከኋላዬ ቆመዋል፣ ከእሳቸው ኋላ ውሃ የምንቀዳው ሴቶች አሉ፣ ባልዲያቸውን ይዘው፣ ከመሀላቸው የታመመች የለችም። ምን ሊሠሩ እንደመጡ አልገባኝም።

«ክብርት ትንቢት፣ እንኳን በደህና መጡ። ፅንሱ ይንቀሳቀሳል?»

አፌን ከፈትኩ። ድምፅ የለም።

«ድምፅዎ አልተሰማም። ፅንሱ ይንቀሳቀሳል?»

«ይንቀሳቀሳል» አልኩ። «በጣም። አላስተኛ ብሎኛል።»

«እንኳን ደስ አለዎት። እርግዝናዎ ዛሬ የመመዝገቢያ ጊዜው ላይ ደርሷል። መሳቢያው ከመከፈቱ በፊት ለልጁ ስም ይስጡ።»

ስም። ማሂ ስም አላወጣችለትም፣ ፈርታ። ቶለሳም፣ እሷን ፈርቶ። መሳቢያውን አየሁት። ተዘግቷል። ከኋላዬ እትዬ አስካለ ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ቶለሳ ምን ይለው ነበር? በእሱ ቋንቋ፣ የእሱ አያቶች ልጅ ሲመርቁ የሚሉትን ቃል…

«ኤባ» አልኩ።

«የአባት ስም?»

አላውቅም ብዬ ነበር። ቃል አንዴ ነው።

«አይታወቅም።»

«በእናቱ ስም ይመዘገባል። ኤባ ትንቢት። ተመዝግቧል። መሳቢያው ይከፈታል።»

ክሊክ አለ። የመጨረሻዋን አነሳኋት፣ አፌ ውስጥ አደረግኳት፣ ወደ ቦታዋ ገፋኋት። አፌን አየች፣ ምላሴን አየች፣ ይሻልዎት አለች። ዞርኩ። ወንዶቹ እንደ ወትሮው መሬት መሬት ያያሉ። ሴቶቹ ግን ፊቴን ነው የሚያዩት፣ ሁሉም። መጀመሪያ እትዬ አስካለ ናቸው፣ ከዚያ ኋላቸው ያለችው፣ ከዚያ ሁሉም፣ ባል ላላት ወላድ እንደሚባለው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ጠያቂዋ እንድትሰማ፣

«ያሳድግልሽ!»

አሜን ማለት ነበረብኝ። ኪኒኗ ጉንጬ ውስጥ መቅለጥ ጀምራለች። አንገቴን ብቻ ዝቅ አደረግኩላቸውና ሮጥኩ።